ሊጋችንን ለማስመለስ ከካሰል ወደ ፍራንክፈርት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ከካሰል ባቡር ጣቢያ ስንነሣ ሦስት ነበርን። እኔ፣ የካሰል ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ፤ ዮናስ፣ አሰልጣኛችን፣ ኢንጂነሪንግ የሚማርና ሁልጊዜ የሚርበው፤ ሦስተኛው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ጋሽ ተሰማ ከሰባ ያለፉ፣ ካሰል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በከተማችን ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሳቸው በር ነው።

የጉዟችን ምክንያት ይህ ነው። በሄሰንና በአካባቢዋ ከተሞች የምንማር ኢትዮጵያውያን ስምንት ቡድን አቋቁመን ሊግ እንጫወታለን። ከላይ ካሰል፣ ማርቡርግ፣ ጊሰንና ፉልዳ፤ ከታች ፍራንክፈርት፣ ዳርምሽታት፣ ማይንዝና ቪስባደን። ተመልካቾቻችን እጮኞቻችንና ውሻቸውን ሊያንሸራሽሩ የወጡ ጀርመኖች ነበሩ። ዘንድሮ ግን ጨዋታ በኢንተርኔት የሚያሳይ አንድ የፍራንክፈርት ድርጅት መጣና፣ ቀርጬ ላሳይ፣ ለመብቱም እከፍላለሁ አለ። ገንዘብ ሲመጣ ዘመድ ይበዛል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ ዘንድ ቀነሰ። አራቱ የታችኞቹ፣ ካሜራው ካሰል ድረስ አይሄድም፣ ክፍያውም ለስምንት ሲካፈል ይሳሳል ብለው የራሳቸውን ሊግ ሊያቋቁሙ ቆረጡ። ፊርማው ዛሬ በአስር ሰዓት ነው።

ከፈረሙ እኛ አለቀልን። ፉልዳ አሁንም አሥራ አንድ ሰው የምታሟላው በስንት መከራ ነው፤ ማርቡርግም ሊጉ ከፈረሰ እንተወዋለን ብላለች። ካሰል ከማን ጋር ይጫወታል? እኔ ኳስ መምታት አልችልም። ነገር ግን እዚህ አገር በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት፣ ከሰው ጋር ሳላወራ ሳምንት ሲያልፍ፣ «ነይ፣ ማሊያ የሚቆጥር ሰው ቸግሮናል» ብለው ከክፍሌ ያወጡኝ እነዚህ ልጆች ናቸው። ይህ ቡድን ሲፈርስ ቆሜ ማየት አልፈለግሁም።

በስልክ ሦስት ጊዜ ለምነናል። ሦስቴም «እናስብበታለን» ተብለናል። በመጨረሻ ዮናስ «ምናለ ሽማግሌ ብንልክ?» አለ። እሱ እየቀለደ ነበር። እኔ በማግስቱ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ።

በባቡሩ ላይ

ቲኬታችን ባንዱ እስከ አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ በመላው ሄሰን የሚጓዝበት ነው፤ ከሠላሳ ዩሮ ትንሽ ያልፋል። ፈጣኑ ባቡር ቢሆን ኖሮ ለሦስታችን የወር አስቤዛዬን ይበላ ነበር። ዝግተኛው ደግሞ አገር ያሳያል። ከቫበርን እስከ ትራይዛ ሜዳው በጎመን ዘር አበባ ቢጫ ሆኖ አደይ የወጣ ይመስላል። ማርቡርግ ስንደርስ ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ያየናል።

ጋሽ ተሰማ ከአበባው ይልቅ ነገሩ ይዟቸዋል።

«ልጄ፣ እነዚህ ልጆች በድለዋችኋል?»

«አልበደሉንም ጋሼ። ትተውን ሊሄዱ ነው እንጂ።»

«ሰድባችኋቸዋል?»

ዮናስ በመስኮት ማየት ጀመረ። ባለፈው ወር ለፍራንክፈርቱ ሊቀመንበር ለዳዊት የላከውን መልእክት አስታውሶ ነው።

«ትንሽ» አልኩ።

«እንግዲያስ መጀመሪያ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ ፍሪድቤርግ ድረስ ተኙ።

ቦርንሃይም፣ ቀትር

በርገር ሽትራሰ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ዳቦ ቤቶቹ በር ላይ ሰልፍ፣ ከሰልፉ ውስጥ የሕፃን ጋሪ። ዮናስ በእያንዳንዱ ዳቦ ቤት ፊት እርምጃው ይቀንሳል። ያረፍነው ከካሰል ተመርቃ እዚህ አረጋውያንን በምትንከባከበው በጓደኛዬ በፍሬ ቤት ነው። በሩን የከፈተችው የስድስት ዓመት ልጇ ናት። ጋሽ ተሰማን ወደ ላይ አየችና፣ «ማማ፣ ቬር ኢስት ደር ኦፓ?» ብላ አያቱ ማን እንደሆኑ በጀርመንኛ ጠየቀች።

«አያትሽ ናቸው፤ ጉልበት ሳሚ» አለች ፍሬ። ልጅቷ እጃቸውን ጨብጣ ሮጠች።

ጠረጴዛው ላይ ዶሮ አለ፤ አይብ አለ፤ የዮናስ ፊት በራ። ጋሽ ተሰማ ግን ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። «የመጣንበት ሳይፈጸም እህል አንቀምስም። ሽማግሌ በልቶ አይለምንም» አሉ። ዮናስ እኔን አየኝ፤ እኔ ዶሮውን አየሁ።

በዚህ መሐል ፍሬ ስልኳን እያየች ጮኸች። የዳዊት ሚስት ከእሷ ጋር ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ባለው የጸሎት ጉባኤ ትዘምራለች፤ መልእክቱን የላከችው እሷ ናት። «የፊርማውን ቴርሚን ቀይረውታል! ለስምንት ሰዓት አድርገውታል!» ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ከዶሮው ሸሸን ማለት ይቻላል።

ኒደርራድ፣ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል

አሥራ ሁለት ቁጥር ትራም ከቦርንሃይም ከተማውን ሰንጥቆ፣ ዋናውን ባቡር ጣቢያ አልፎ፣ የማይንን ወንዝ ተሻግሮ ኒደርራድ ያወርዳል። በየፌርማታው ሰዓት አየሁ። ድርጅቱ ቢሮ ያለባት ሊዮነር ሽትራሰ በሥራ ቀን ሰው የሚርመሰመስባት የቢሮ ሰፈር ናት፤ ቅዳሜ ግን ጭር ብላለች። በየሕንጻው መስታወት ላይ «ይከራያል» የሚል ተለጥፏል። ጋሽ ተሰማ በከዘራቸው ይፈጥናሉ፤ እኔና ዮናስ እንከተላለን።

አራተኛ ፎቅ። በሩን ስንገፋ የአራቱ ቡድን ሊቀመናብርት ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው የድርጅቱ ኃላፊ፣ ሸሚዙን የጠቀለለ ጀርመን አለ። ውሉ ፊታቸው ነው። እስክሪብቶው ዳዊት እጅ ገብቷል።

ጋሽ ተሰማ ጠረጴዛው አጠገብ ሄደው ቆሙ።

ዳዊት ብድግ አለ። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አልቀመጥም ልጄ። የመጣሁበት አለ፤ እሺ ካላልከኝ ቆሜ እውላለሁ።»

ያን ጊዜ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? ዳርምሽታት ተነሣ። ማይንዝ ተነሣ። ቪስባደን ስልኩን ኪሱ ከቶ ተነሣ። ጀርመኑ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ሲያይ፣ ትልቅ ሰው የመጣ መስሎት እሱም ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው ቀረ፤ ሳናየው ወንበር ስቦ የነበረው ዮናስ። ከጠረጴዛው ላይ ብሬትሰል የሚሉትን ጥምዝ ዳቦ አንስቶ ነክሷል። ጋሽ ተሰማ አንዴ ብቻ አዩት። ብሬትሰሉን ይዞ ተነሣ፤ የጎረሰውን ለማኘክም አልደፈረም።

«መጀመሪያ ይህ ልጅ የሚለው አለው» አሉ።

ዮናስ እንደምንም ዋጠ። «ዳዊት፣ ያን የጻፍኩትን... በንዴት ነው። አጥፍቻለሁ።» ዳዊት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ንግግር ጀመሩ፤ አንድ ማዕድ ስለሚቆርሱ ወንድማማቾች፣ በሰው አገር ስለ መበተን። አልቸኮሉም።

እኔ ደግሞ በዚያ መሐል ውሉን ሳብ አደረግሁ። ለእኛ አሳይተውን አያውቁም። ክፍያ የተጻፈበት ገጽ በጣት ብዛት ጠርዙ ተጣጥፏል፤ ሌላው ገጽ እንደ አዲስ ነው። ቆሜ አነበብኩ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ።

«ዳዊት፣ ይህን ፌርትራግ አንብበኸዋል?»

«ዳርምሽታት አንብቦታል።»

«እኔ?» አለ ዳርምሽታት። «ማይንዝ ሕግ ነው የሚማረው ብዬ ለሱ ላክሁት እንጂ።» ማይንዝ ወደ ቪስባደን ዞረ። ቪስባደን ወደ ጣሪያው። እርስ በርስ ተማምነው አንዱም አላነበበውም! የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ወንድሜ ካየው እኔ እንዳየሁት ነው ይላል።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ለክፍያው ቢያንስ ሃያ ጨዋታ ማቅረብ ግዴታ ነው። አራት ቡድን ደርሶ መልስ ቢጫወት አሥራ ሁለት ነው።

«ሦስት ሦስቴ እንጫወታለን» አለ ዳዊት።

«አሥራ ስምንት።»

«አራት አራቴ እንዴ?» አለ ዳርምሽታት። «ማይንዝን በአንድ ዓመት አራቴ ከማይ ኳስ ባቆም ይሻለኛል!» ማይንዝ ራሱ ሳቀ።

ለጀርመኑ ነገሩን በጀርመንኛ አስረዳሁት፤ ስምንት ቡድን አንድ አንዴ ብቻ ቢገናኝ ሃያ ስምንት ጨዋታ ይሆናል አልኩ። ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «ስምንት መሆናችሁን ማን ነገረኝ?» አለ። ካሜራውስ ካሰል ይሄዳል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «የባቡር መስመር አለ አይደል?» አለኝ። መልሱ ይኸው ነበር፤ ከእነሱ አንዱም ጠይቆት አያውቅም።

ዳዊት እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይህን መናገር አለብኝ። ሰበብ አላበዛም። «አባባ፣ ቁጥሩ ባይጎድልም እርስዎን አቁሜ አልፈርምም ነበር። እሺ ብለናል። ለስምንት ይጻፍ፤ ክፍያውም እኩል ይካፈል። አሁን ይቀመጡልኝ።»

ጋሽ ተሰማ መረቁና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስምንታችንም ተቀመጥን። እኔ በደስታ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ዮናስ ሁለተኛ ብሬትሰል አነሣ፤ በዚህኛው ማንም አላየውም።

ወደ ቤት

የዶሮው ነገር እንዳያሳስባችሁ፤ ተመልሰን በልተነዋል፤ ዳዊትም ከሚስቱ ጋር መጥቶ አብሮ በልቷል። የማታው ባቡር ጊሰንን ሲያልፍ ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ልጄ፣ በዚህ ኳስ ስንት ስንት ሆነው ነው የሚጫወቱት?» ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ጀርመን አገር ኖረው አንድ ጨዋታ አይተው አያውቁም። እየሳቅሁ ነገርኳቸው።

ካሰል ስንደርስ ተጫዋቾቻችን ጣቢያው ላይ ቆመው ነበር። የምናገረውን ሳልጨርስ ጋሽ ተሰማን አንስተው ተሸከሟቸው፤ ከዘራቸው ወደቀ፤ አንድ የባቡር ሠራተኛ ተቆጣን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ውል ሲመጣ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። በስልክ የማይሆን ነገር ካለ ደግሞ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

በሁለተኛው እሁድ ካሜራው ካሰል ደረሰ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከፍራንክፈርት ጋር ነው። ለጋሽ ተሰማ ከሜዳው ዳር የፕላስቲክ ወንበር አቀረብንላቸው። በከዘራቸው ገፋ አደረጉትና፣ «ጎል ካላየሁ አልቀመጥም» አሉ።

በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ተቀመጡ።