ለለቅሶ የተወለወለ ጠበንጃ

አባቴ ጠበንጃቸውን እንዳስወለውልላቸው ያዘዙኝ ለሠርግ ወይም ለጥምቀት አልነበረም፤ ለራሳቸው ለቅሶ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲሞት ጠበንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ ለቅሶው መካከል ይወጣል፤ አልቃሾቹም እሱን እያዩ ሟቹን ያወድሳሉ። «እኔ ስሞት በዛገ ብረት እንዳታስለቅስብኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ዝገቱን ግን በጣታቸው ያውቁታል።

እኔ አማኑኤል ከተማ ሱቅ ነው ያለኝ፤ ስለ ጠበንጃ የማውቀው ከባድ መሆኑን ብቻ ነው። ይጁቤ አጠገብ ካለው ቤታቸው አንስቼ ደብረ ማርቆስ አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ አደረስኩት። ሰውዬው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ከዚያ ብረቱን በእሳት አሙቆ ዘይት እየቀባ ያጠቁረዋል። የነቀዘውን ሰደፍም በአዲስ እንጨት ቀየረው። ልወስደው ስመለስ ምንሽር ጠበንጃው እንደ አዲስ ሆኖ ጠበቀኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሚኒባስ ውስጥ በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌው፣ ዛሬስ ምርቃቱን አልችለውም እያልኩ ሄድኩ።

አባቴ ጭናቸው ላይ አጋድመው ዳሰሱት። ከአፈሙዙ ጀምረው ወደ ቃታው ወረዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ወረዱ።

«የኔስ?» አሉ።

«ይሄው እኮ ነው አባባ።»

«እዚህ ጋ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት የተበላ ቦታ ነበር። የት ሄደ?»

«ተፍቆ ለሰለሰ። ዝገት እኮ ነው የበላው።»

«የሰው ጠበንጃ ነው ያመጣህልኝ። የኔን ሸጠኸዋል።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እንዳላመሳክር ድሮም በዝገት ተበልቶ የሚነበብ አልነበረም። ተናደድኩና እናቴን ጠራኋት፤ ዕድሜ ልኳን ያ ጠበንጃ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው የተኛችው። አገላብጣ አየችውና «እኔንጃ ልጄ፣ ይመስላል» አለች። ይመስላል! ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔም ማየት አቃተኝ፤ ባየሁት ቁጥር አንዴ የኛ፣ አንዴ የሌላ ሰው ይሆንብኛል።

ወደ ሠራተኛው ተመለስኩ። ጥግ ላይ ሌሎች ምንሽሮች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው።

«እርግጠኛ ነህ የኛን ነው የሰጠኸኝ?»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» አለኝ።

እኔ መልስ ፈልጌ ነበር የሄድኩት።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ታመው ወደቁ። ለእናቴ «ያንን የሰው ጠበንጃ ለቅሶዬ ላይ እንዳታወጡት» ብለው አረፉ።

በለቅሶው ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «ጠበንጃቸው የታለ?» ይላል። ባወጣው ቃላቸውን መጣሴ ነው፤ ባላወጣው ልጅየው ሸጦ በላው ሊባል ነው። ግራ ገብቶኝ ጓዳ እንደቆምኩ እናቴ ከግድግዳው አውርዳ አስታቀፈችኝ።

«እንዳታወጡት ብለው የለ?» አልኳት።

«የሰው ነው ብለው ነዋ። የሳቸው ከሆነስ?»

«የሳቸው ነው እንዴ?»

«ያመጣኸው አንተ አይደለህ?»

አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቼ ወጣሁ። ሴቶቹ ገና ሲያዩት እሪ አሉ፤ አንድ ሽማግሌም እንዴት አምሮበታል ብለው አደነቁ። እኔም አለቀስኩ። አባቴ ልጄ ሸጠብኝ እንዳሉ ነው የሞቱት። አለመሸጤን እምላለሁ፤ ያን ቀን ይዤው የወጣሁት የሳቸው መሆኑን ግን እስከ ዛሬ መማል አልችልም።