ግድግዳዬ ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች

ቢቸና ሳስተምር በነበርኩበት ዘመን የሰፈሬን ሰው ከመልኩ ይልቅ በበሩ ጓጉንቸር አውቀው ነበር። ጎረቤታችን ባልቴቷ ቀይ ቀለም የተቀባች ትንሽ የቻይና ጓጉንቸር ነበረቻቸው። የወፍጮ ቤቱ ክንድ የሚሰብር አሮጌ ብረት ነው። የቄሱ ደግሞ ናስ ሆኖ ክረምት በገባ ቁጥር አልከፈት ይላል። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ጓጉንቸሩን አይጥልም፤ ይዞት እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም ሆዱን ከፍቼ፣ ውስጡ የተደረደሩትን ትንንሽ ፒኖች በወረንጦ አውጥቼ፣ ቦታቸውን አቀያይሬ አዲስ ቁልፍ አበጅለታለሁ። እንጀራዬ ሒሳብ ማስተማር ነበር። ይኼ ግን ደስታዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ኩራቴም ጭምር።

ቁልፍ በሠራሁ ቁጥር ሁለት አደርጋለሁ። አንዱን ለባለቤቱ እሰጥና ሌላውን መጽሐፍ መደርደሪያዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ በሚስማር እሰቅለዋለሁ። ለምን? ስለሚያምሩ ነዋ! ጥርሳቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሌላው ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ እኔ ቁልፍ ሰበሰብኩ። ክፉ ነገር በአእምሮዬ ሽው ብሎ እንኳ አያውቅም። ባለቤቶቹን ማስፈቀድ እንዳለብኝም አላሰብኩም፤ ሞኝነቴ ዛሬም ያናድደኛል።

ግድግዳውን የሚያውቀው ከሚስቴ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አበልጄ ነው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። እሁድ እሁድ ብረት ከምይዝበት ሞርሳዬ አጠገብ ተቀምጦ ስሞርድ ሲያየኝ ይውላል። ወንድም የለኝም፤ እሱን ወንድሜ አድርጌ ነበር።

የሰፈራችን እድር እቃ ቤት በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ነበረው። የአንዱን ቁልፍ የእድሩ ዳኛ በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ይይዛሉ፤ የሌላው እቃ ያዡ እጅ ነው። እቃ ያዡ ደግሞ አበልጄ ነበር፤ የእሱን ቁልፍ አንዴ ጠፍቶበት እኔው ስለሠራሁለት ግልባጩ ግድግዳዬ ላይ ነበር። ድንኳኑም ሆነ ብረት ድስቱ የሚወጣው ሁለቱ ሰዎች በሩ ላይ አብረው ሲቆሙ ብቻ ነው። ማንም ብቻውን እንዳይከፍት ታስቦ የተደረገ ነው።

አንድ ቀን አበልጄ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳኛው ቁልፉን ጥለውታል» አለኝ። «በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ፊት እንዲያፍሩ አልፈልግም። አንተ አንድ አበጅልኝና እኔ በዘዴ አደርስላቸዋለሁ። ባክህ ለሳቸውም እንዳታነሳባቸው።»

የሽማግሌ ገመና መሸፈን ነው ብዬ እሺ አልኩ። ያጓጓኝ ግን ሌላ ነው፤ ጓጉንቸሩን ከበሩ ሳላወርድ፣ ፒኖቹን ሳላይ መሥራት ነበረብኝ። ሰፈርተኛው ቅዳሴ ላይ ሳለ ሄድን። ያልተቀረጸ ቁልፍ በኩራዝ ጭስ አጠቆርኩና አስገብቼ አወዛወዝኩት። ሳወጣው ፒኖቹ የነኩበት ቦታ ጥቀርሻው ተፍቋል። የተፋቀውን በሞረድ ትንሽ መብላት፣ እንደገና ማጥቆር፣ እንደገና ማስገባት። በስተመጨረሻ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። አበልጄ፣ «አንተ እኮ ጉድ ነህ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ቁልፉን ሰጠሁት፤ ግልባጩን እንደ ልማዴ ቤቴ ሰቀልኩት።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አሮጌ ጓጉንቸር ፍለጋ ሞጣ ሄድኩ። ከገበያው ዳር ሰርግ ነበር። የሰርጉን ድንኳን ሳይ እግሬ ተያዘ። ማዕዘኑ ላይ ሰማያዊ መጣፊያ አለ፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን ተክዬበት የዋልኩት መጣፊያ። የእኛ እድር ድንኳን ነው።

ቢቸና እንደተመለስኩ ቤቴ ሳልገባ አበልጄ ዘንድ ሄድኩ። አልካደኝም።

«አንድ ወዳጄ ቸግሮት ነው። ሰኞ ይመለሳል።»

«ዳኛው ፈቅደው ነው?»

«ዳኛው ለሰርግ መቼ ይፈቅዳሉ ብለህ ነው?»

«ታዲያ ቁልፋቸው ጠፋ ያልከኝ…»

ሳቅ አለ። «ተወው እንግዲህ። የሠራኸው አንተ እኮ ነህ፣ አበልጄ።»

ያኔውኑ ዳኛው ቤት መሄድ ነበረብኝ። ግን ሁለት ቀን ነው፣ ልጄን ያነሳ ሰው አዋርጄ ምን አገኛለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ባለቀይ ጓጉንቸሯ ባልቴት አረፉ። እቃ ቤቱ ሲከፈት ድንኳን የለም። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ።

ከቀብር መልስ እድርተኛው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ቁልፋቸውን ከመሐረቡ ፈትተው አሳዩ፤ አበልጄም የራሱን አሳየ። ልነሳ ጉልበቴን ስይዝ እሱ ቀደመኝ።

«በእኛ ቁልፍ ካልተከፈተ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ ማለት ነው። እኔ የሰው ስም አላጠፋም። ግን መምህሩ ቤት ግድግዳ ላይ የሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ ተሰቅሏል። ሄዳችሁ እዩ።»

ይህን ሲናገር አንዴም ወደ እኔ አልዞረም።

ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፉ ጠፋ ብሎኝ መሥራቴን፣ ድንኳኑ ሞጣ መሆኑን።

«ሞጣ መሆኑን በምን አወቅህ መምህር?» አሉኝ ዳኛው።

«አየሁት።»

«መቼ?»

«ትላንት።»

«ታዲያ እኛ ፀሐይ ላይ ስንቀመጥ ለምን ዝም አልክ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዳኛውን ጨምሮ አራት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው ከሚስማር አንድ ቁልፍ አውርዶ ከኪሱ ካወጣው የቤቱ ቁልፍ ጋር አጋጠመው፤ ጥርስ ለጥርስ ገጠመ። ሁለቱንም ኪሱ ከተተ። ዳኛው የእቃ ቤቱን ሁለቱንም ቁልፎች ሲያገኙ ሚስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰኞ ድንኳኑ እቃ ቤቱ ደጃፍ ተጥሎ ተገኘ። ሞጣ ድረስ ሄዶ ላጣራ ያለ የለም፤ ሌባው ፈርቶ መለሰው ተባለ። ከእድሩ አላባረሩኝም፣ ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ፣ ጠየቅኩ። ከሁሉ ቀድሞ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያለኝ አበልጄ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የጓጉንቸር ሻጩ እቃ እኩለ ቀን ሳይሞላ አለቀ። ወደ ቤቴ ስመለስ በር በሩን እያየሁ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ አዲስ ጓጉንቸር። ቄሱ አዲስ። የሟቿ ልጅ አዲስ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሰላምታም አልነፈጉኝም።

አበልጄ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔው ፒኖቹን የለዋወጥኩለት አሮጌ ጓጉንቸር እንደነበረ ተንጠልጥሏል። ቁልፉን ያለ ግልባጭም ልሠራው እንደምችል ያውቃል። ግን አልለወጠውም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሌባ አለመሆኔን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።