ጋሽ ታደሰ የሚኖሩት የት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ዛሬ ወደ አሌክሳንድሪያ የወጣሁት ለጋሽ ታደሰ ዓይን ነው። ጋሽ ታደሰና ጋሽ ለማ አንድ ቸርች የሚሄዱ፣ በአንድ አፓርትመንት ብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። እኔ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍለው ያከራዩኝ ሦስተኛው ነኝ። ጋሽ ታደሰ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ምሕረት ጋ ከሄዱ ሰንብተዋል። እዚያ ያያቸው ሐኪም ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ግፊት አገኘባቸውና ግራ ዓይናቸው በቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ የቀረው ብርሃንም ይጠፋል አላቸው። ኢንሹራንሳቸው ደግሞ የሜሪላንድ ነው፤ ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ ለቨርጂኒያ ሐኪም አይከፍልም። የአረጋውያኑን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬርን፣ እንዳይገቡ ዕድሜያቸው ገና ስልሳ ሦስት ነው። ያለው መንገድ ኢንሹራንስ በሚሸጥበት የቨርጂኒያ መንግሥት ማርኬትፕሌስ በኩል አዲስ ኢንሹራንስ መግባት ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው በነጻ የምታስመዘግብ ሐበሻ ላይብረሪ ትመጣለች ተብሏል። የሜሪላንዱ ኢንሹራንስ እንዳልተቋረጠ የሚገልጸው ደብዳቤ በእኛ አድራሻ ስለመጣ እሱን ይዤላቸው ነው የምሄደው።

ለጋሽ ለማ የነገርኳቸው ለሐኪም የሚሆን ወረቀት እንደማደርስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መናገር የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። በሶ በፌስታል አስያዙኝና በር ድረስ ሸኙኝ።

«መቼ እንደሚመለስ ጠይቀው። ክፍሉን ለሰው አልሰጠሁትም በለው» አሉ። ቀጥለው፣ «አንተ ገጣሚ፣ ስትጽፍ ደግሞ ፌርማታህ እንዳያልፍህ።»

በባቡር

ቅዳሜና እሁድ ሜትሮ ቢበዛ ሁለት ዶላር ተኩል ነው፤ የሩቅ መንገደኛ የሚካሰው በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። ቀዩን ባቡር እስከ ቻይናታውን ይዤ ወደ ቢጫው ተቀየርኩ። ከፊቴ የሆስፒታል ልብሷን ያላወለቀች ሴት ጫማዋን በግማሽ አውልቃ ተኝታለች። ባቡሩ ከመሬት በታች ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፖቶማክ ተዘርግቶ ታየ፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ውሃውን እየተከተለ ያርፋል። ወንዙን ለመሻገር ሁለት ደቂቃም አልፈጀብንም። አንዱ ዳር ላይ የሚሠራ የኢንሹራንስ ካርድ ሌላው ዳር ላይ አይሠራም፤ ይኼን ሳስብ ተናደድኩ።

አሌክሳንድሪያ

ኪንግ ስትሪት ወርጄ አውቶቡስ ያዝኩ። የከተማው አውቶቡስ ነጻ ነው። ከጣቢያው በታች ወንዙ ድረስ ያሉት ቤቶች ጡብ ናቸው፤ መስኮታቸው ላይ አበባ አላቸው። አውቶቡሱ ግን ወደ ላይ ነው የሚወጣው። በረንዳቸው ላይ ብስክሌት የቆመባቸውና ብርድ ልብስ የተሰጣባቸው ረጃጅም አፓርትመንቶች ሲመጡ ወረድኩ።

ምሕረት መኮሮኒ ሠርታ ጠበቀችኝ። የስድስት ዓመት ልጇ እጄን ይዛ ወስዳ ክፍሏን አሳየችኝና፣ ግማሹ የአያቷ እንደሆነ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። በአያቷ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ሸሚዞች ተሰቅለዋል። ጋሽ ታደሰ ሲበሉ አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው በቀኝ ዓይናቸው ሳህኑን ይፈልጋሉ። የጋሽ ለማን መልእክት ልነግራቸው ፈልጌ በምግብ ላይ አልሆነልኝም።

ከሰዓት፣ ላይብረሪ

የምታስመዘግበው ቤዛ ትባላለች፤ ፈጣንና ትዕግሥተኛ ናት። ደብዳቤውን አይታ፣ ከመዛወራቸው በፊት ኢንሹራንስ እንደነበራቸው ስለሚያሳይ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ቤዛ፣ ምሕረት አባቷን በታክሷ ላይ እንደ ተጧሪ ታስገባቸው እንደሆነ ጠየቀች። አታስገባቸውም፤ ታክሳቸውን የሚያስገቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«እንግዲያው ለዚህ ጉዳይ ብቻዎን ነዎት» አለቻቸው። «ቤተሰብ የሚቆጠረው በታክስ ነው እንጂ በማዕድ አይደለም። አሁን የሚኖሩት የት ነው?»

«ልጄ ጋ በእንግድነት ነው ያለሁት። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።»

ቤዛ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። እንግዳ ከሆኑ የሜሪላንድ ነዋሪ ናቸው፤ ቨርጂኒያ አትመዘግባቸውም። ሊኖሩ ከመጡ ግን ከመጡበት ቀን ጀምሮ ስልሳ ቀን አላቸው። ስልሳው ካለፈ ምዝገባው ለሁሉም እስኪከፈት ኖቬምበርን ይጠብቃሉ፤ ሽፋኑም የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። አሁን ጁላይ ላይ ነን።

«አባዬ፣ በቃ ባለፈው ሳምንት ሙቭ አደረግኩ በል» አለች ምሕረት።

«እንደሱ አይሆንም እህቴ» አለች ቤዛ። «እውነት ነው ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ማስረጃም ይጠየቃሉ።»

«እውነቱንማ ካልሽ እኛ ጋ ማደር የጀመረው በፌብሩዋሪ ነው።»

«የተዛወሩት ያኔ ከሆነ አልፏል።»

ጋሽ ታደሰ ትንሽ ትንሽ እያሉ እንደሄዱ፣ ቀኑ የቱ እንደሆነ እንደማያውቁ ተናገሩ። እኔም በዚያች ሰዓት ጋሽ ለማ ክፍሉን ለሰው እንዳልሰጡት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለቤቴ ስትሞት ከወደቅኩበት ያነሳኝ ለማ ነው» አሉ። «ጥዬህ ሄድኩ ይባላል?»

መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ ለለማ ደውልልኝ አሉኝ። ከምሕረት ጋር ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ለማ፣ ክፍሉን አከራየው» አሉ።

ከወዲያ የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ ተዘጋ።

«ቤቴ እዚህ ሆኗል። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። አሁን ደግሞ የወጣህበት ቀን መቼ ነው ይሉኛል። በፌብሩዋሪ ነው እንዴ?»

«በፌብሩዋሪ የት ወጣህ? ዓርብ ሄደህ እሁድ ትመለስ አልነበር? ሰኞ ሰኞ ቁርስ ከማን ጋር ነበር የምትበላው?» አሉ ጋሽ ለማ። «የወጣኸው ከሜሞሪያል ዴይ በኋላ ባለው እሁድ ነው። ከቸርች መልስ ትራስህን ይዘህ ሄድክ። በእንግድነት የሚሄድ ሰው ትራሱን ይዞ አይሄድም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ።»

ተመልሰን ቤዛ ፊት ስንቀመጥ ምሕረት ትዝ አላት። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠሩበትን ጋራዥ ትተው እዚህ ፓርኪንግ ሥራ የገቡት ከዚያ እሁድ ማግስት ነው። የአዲሱ ሥራ የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀት፣ ፔይ ስታቡ፣ የእሷ አድራሻ አለበት። ቤዛ ከዚያ የጁን መግቢያ እሁድ ጀምሮ ካላንደሩን ቆጠረች፤ ስልሳው ቀን ገና አልሞላም ነበር። የዓይን ሐኪሙ የሚቀበለውን ፕላን መረጠችላቸው፤ ከኦገስት አንድ ጀምሮ ይሠራል። የሜሪላንዱ በራሱ አይዘጋም፣ አዲሱ ሳይጀምርም አይዝጉት ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ጋሽ ታደሰ የሚፈርሙበትን ቦታ ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው።

ማታ፣ መመለሻ

በድልድዩ ላይ ስመለስ ጠዋት የተናደድኩበትን ነገር እንደገና አሰብኩት። ዓይኑ እየጠፋ ያለን ሰው «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትኖረው?» የሚል ሕግ አሁንም ደረቅ ነው እላለሁ። ቀኑ ትንሽ አልፎ ቢሆን ኖሮ አያዝንላቸውም ነበር። ግን እኛ በይሉኝታ የማንጠያየቀውን ጠየቀ። እሱ ባይጠይቅ ሁለቱ ሰዎች አንዱ እንግዳ ነኝ እያለ፣ ሌላው ባዶ ክፍል እየጠበቀ የብርዱ ወራት ይገባባቸው ነበር።

ቤት ስደርስ ጋሽ ለማ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ በቀስታ ነበር የገባሁት። ኦፕራሲዮኑ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። በኦገስት መጀመሪያ ቀጠሮ ይሰጧቸዋል አልኳቸው። ከዚያ ባቡሩ የት እንደሚቀየር፣ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሳ አንድ በአንድ አስነገሩኝ።

«ሊሄዱ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«እስካሁን ምን ብዬ ልሂድ? እንግዳ ነኝ የሚልን ሰው ማን ቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል?» አሉኝ። «አሁን ቤት አለው።»