ሦስት ቁልፍ የነበረው በር

«በመቀሌ እምብርት የሚገኝ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ቅንጡ አፓርታማ።» ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት መኝታ፣ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ፣ ከበረንዳው ሆነው ባንኩንም ሆቴሉንም የሚያዩበት ሦስተኛ ፎቅ። ሁለት ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ፤ እናቴንና የእናቴን በር።

በሩ ወሎዬው አባቴ በሕይወት ሳለ ያስገጠመው የእንጨት በር ነው። ሦስት ቁልፍ ነበረው። አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የእኔ፣ ሦስተኛውን ታናሽ ወንድሜ ጦርነቱ ሲጀመር ኪሱ ውስጥ እንደያዘው ሄደ። ጦርነቱ አለቀ፣ የየቤቱ መርዶ ተነገረ፤ የእሱ ስም ግን ከሞቱትም ከተመለሱትም ጋር አልተጠራም። እናቴ ቤቱ ሲታደስ ግድግዳው ሲፈርስ ዝም አለች፣ ኩሽናው ሲነቀል ዝም አለች። አናጺው በሩ ጋ ሲደርስ ግን ሄዳ ተደገፈችው።

«ይኼን አትነኩትም። ወደይ፣ ልጄ፣ ቁልፍ ይዟል» አለች።

ቤቱ በስሟ ነው፤ እሷ ካልፈረመች አይሸጥም። እኔ ደግሞ ዓይደር ሰፈር በሰው መድኃኒት ቤት ቆሜ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ በድርሻዬ የራሴን መክፈት ፈለግሁ። ጉልበቷ ደረጃ አልችል ብሏል፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ይሻላታል እያልኩም ለሰው አወራ ነበር። እውነት ነው፤ ሰበብም ነው።

አንድ ቀን ደላላው ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሚስትየዋ የኩሽናውን ቁም ሣጥን እየከፈተች ስትዘጋ ፊቷ በርቷል፤ አለቀልኝ አልኩ። እናቴ ከወንድሜ ክፍል ደጃፍ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «ልጄ ሲመጣ ግን ታስገቡታላችሁ አይደል? ክፍሉ ይኼ ነው» አለቻቸው። እኔ ሳቅሁ። የሳቅሁት ብቻዬን ነበር።

ደላላው ሸኝቷቸው ሲመለስ ደረጃው ላይ ያዘኝ። «እህቴ፣ ወራሽ ይመጣል የሚባልበትን ቤት ማን ይገዛል? ወይ ይምጣ፣ ወይ ቁርጡ ይታወቅ!»

ቁርጡን እኔ አመጣሁት። ለእናቴ ወንድም፣ «አብሮት የነበረ ሰው ደወለልኝ፤ በእጄ ነው የቀበርኩት አለኝ» አልኩት። ማንም አልደወለልኝም። አጎቴ አላጣራም፤ እንዲህ ያለውን በሐሰት የምትናገር እህት ትኖራለች ብሎ ከየት ያምጣው? በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እናቴ በዚያ ሰዓት ሦስት ወንድ ቆሞ ስታይ ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም።

«ኣጆኺ፣ ሓፍተይ፤ አይዞሽ እህቴ» አላት አጎቴ።

ጩኸቷ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። እኔም ጮኽኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ለጥቅም ሲያለቅሱም አይገድም፣ አይቼዋለሁ። አንዷ ለቀስተኛ «ወንድሟን ስትወደው!» ስትል ሰማኋት፤ ደስ አለኝ።

ድንኳኑ ከተነሣ ሳምንት ሳይሞላ በሩን አስነቅዬ የብረት የቱርክ በር አስገባሁ። ቁልፌን ከፍርስራሹ ጋር ጣልኩት። እናቴ አናጺውን መቆለፊያውን ከእንጨቱ እንዲፈታላት ጠየቀችው፤ በፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው። ለማስታወሻ መስሎኝ ተውኳት። የሽያጩንም ውል ሳታንገራግር ፈረመች።

እናቴ ምድር ላይ ያለ ቤት ተከራየች፤ እኔ መድኃኒት ቤቴን ከፈትኩ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ወደ ኪራይ ቤቷ የሄድኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በሩ ላይ ያ የድሮ መቆለፊያ ተገጥሟል። አከራዩን ለምና ነው ያስገጠመችው፤ የድሮውን ሕንፃ ጥበቃ ደግሞ የአዲሱን ቤቷን አድራሻ አስይዛዋለች።

«ኣደይ፣ ምንድን ነው ይኼ?» አልኳት።

«ያን የደወለልሽን ሰው አገናኚኝ ብዬሽ አላውቅም» አለች። «እናት ልጇን የቀበረውን ሰው ሳትጠይቅ ትቀራለች?»

ዓይኔን ወደ መቆለፊያው መለስኩ።

«ያን ጠዋት አጎትሽ አፉን ሲከፍት እኔ የማየው አንቺን ነበር። ያለቀስኩት ለአንቺ ነው፣ ጓለይ።»

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«ወንድምሽን ከሸጥሽው በኋላ ቤቱን ብከለክልሽ ምን ይረባል?»

ተናዳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተናደደችም፤ ምሳ አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ስወጣ፣ ብትታመሚ እንኳ እንድገባ አንድ ቁልፍ አስቀርጪልኝ አልኳት።

«የአንቺን የጣልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

አሁን እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ። ልጇ ቁልፍ አለው፤ የሚያንኳኳ ሰው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ለመክፈት አትቸኩልም።