ያልደረቀው አሥራ ሰባት ቁጥር

ቬርና ስቱፓክ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። አርባውን ዓመት የኖረችው የኮልተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድን ማሊያ ስታጥብ ነው። የብረት ፋብሪካው ተዘግቶ ባሏ ሥራ ሲፈታ ይህን የእጥበት ሥራ "ለጊዜው" ብላ ያዘችው። ባሏም ሞተ፣ ፋብሪካውም ፈረሰ፣ እሷ ግን የማጠቢያ ክፍሉን ቁልፍ በጫማ ክር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አለች። አጣቢዋም እሷ፣ በየዓመቱ ለልጆቹ ማሊያ የምታድለውም እሷ። እኔ የቡድኑን አውቶቡስ ከነዳሁ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቬርናን በክርክር የረታ ሰው አላየሁም።

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ዶት ቁርስ ቤት እንሰበሰባለን። የምንጣላው በአንድ ነገር ነው፤ ሰማንያ አንድ ይበልጣል ወይስ አሥራ ሰባት? የኛ ፉትቦል ኳሱ በእጅ የሚወረወር ነውና የሰው ፍቅር ሁሉ ሮጦ በሚቀልበው ልጅ ላይ ነው። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የግዛቱን ዋንጫ ስንወስድ እንዲህ ያሉ ሁለት ቀላቢዎች ነበሩን። ሰማንያ አንድ ቁጥር ኬንት ሃሊ ኋላ በትልቁ ሊግ ሁለት ዓመት ተጫወተ። አሥራ ሰባት ቁጥር ኦቲስ ብራንት እዚሁ ቀርቶ ክረምት ክረምት የመንገድ በረዶ ይጠርጋል። ዶት ቤት ዝር ብሎ አያውቅም።

"ስልሳ አንድ ኳስ ቀልቧል! ስልሳ አንድ!" ይላል ግሌን ዋከር ጠረጴዛውን እየደበደበ። ግሌን የዚያን ጊዜ ኳስ ወርዋሪው ነበር፤ ዛሬ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። "ያንቺ ኦቲስ ስንት ቀለበ? ሃያ ዘጠኝ!"

"ወርዋሪው አንተ አልነበርክ እንዴ?" ትለዋለች ቬርና ድንቿን እየቆረጠች። "ካልወረወርክለት ከየት አምጥቶ ይቀልብ? ከሰማይ?"

እኔም የሰማንያ አንድ ሰው ነበርኩ፤ አልዋሽም።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የቀረው ዘንድሮ ነው። ማኅበሩ አንዱን ቁጥር ሜዳው ላይ ለዘላለም ሊሰቅል፣ ከእንግዲህም ማንም እንዳይለብሰው ሊያደርግ ቆረጠ። ሌላው እንደማንኛውም ቁጥር ለመጣው ልጅ ይታደላል ማለት ነው። ቬርና ይህን ስትሰማ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ስብሰባው ላይ እመጣለሁ" አለች።

"ቬርና፣ እዚያ ብጥብጥ ካነሳሽ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ" አለ ግሌን። "ደግሞ ዕድሜሽም ገፍቷል።"

"ዕድሜዬን እኔ እቆጥረዋለሁ። አንተ ኳስህን ቁጠር።"

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለው የኬንት ሃሊ ማሊያ ተቀምጧል። ከፍጻሜው ቀን ጀምሮ ሳይታጠብ እንዳለ የተቀመጠ፣ የከተማችን ኩራት ነው። ቬርና በጓሮ በር ገባችና ከፕላስቲክ ከረጢት ሌላ ማሊያ አውጥታ ከጎኑ ዘረጋችው። አሥራ ሰባት ቁጥር። ትከሻውና ደረቱ በጭቃና በሣር ጠቁሮ ቀርቷል።

"ሦስት ቀን ዘፈዘፍኩት። በበረኪናም በኮምጣጤም ሞከርኩ፣ አልለቀቀም" አለች። "የፍጻሜው ቀን ዝናብ ነበር አይደል?"

"ነበር!" አለ ሰው ሁሉ።

"ጭቃ ነበር አይደል? ታዲያ ይሄ ሰማንያ አንድ ለምን እንዲህ ነጣ?"

"ማንም አልደረሰበትማ!" ብሎ ግሌን ሲጮኽ አዳራሹ አጨበጨበ።

ቬርና ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። "ለምን አልደረሱበትም?"

ጣቷን አሥራ ሰባቱ ላይ አሳረፈች።

"ሊይዙት የመጡትን ሁሉ ይሄ ልጅ በትከሻው እየጣለ አብሮ ጭቃ ውስጥ ስለተኛ ነው። እናንተ ኳሱን ነበር የምታዩት። ኳሱ በሌለበት ኦቲስ ምን ሲሠራ እንደዋለ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ገንዳው ውስጥ።"

ያን ነጭ ማሊያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አድንቄ አልፌዋለሁ። በራሴ ተናደድኩ።

"ተረጋጊ እንጂ ቬርና" አለ ግሌን ድምፁን አለስልሶ። "ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፤ በሰላም ድምፅ እንስጥ።"

"ያልተነካ ግልግል ያውቃል" አለችው።

ድምፅ ተሰጠ። አርባ ሦስት ለሰማንያ አንድ፣ ዘጠኝ ለአሥራ ሰባት። ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤቶቼ ዞረው አፈጠጡብኝ፣ እኔም እጄን አላወረድኩም። ግሌን የራሱን እጅ ዘረጋ።

"ቁልፉን።"

ቬርና የጫማ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"የዓርቡ ጨዋታ ልብስ ክፍሉ ውስጥ ተከምሯል። ሃምሳ አራት ማሊያ፣ ሃምሳ አራት ሱሪ። ካልሲውን አልቆጠርኩትም፣ ሽታው አላስጠጋ ብሎኝ። ማን ነው የሚረከበኝ?"

አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሌላው ጣሪያውን ያጠናል። ግሌን ቁልፉን አየው እንጂ አልነካውም። ቬርና ቁልፉን አንስታ መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

"እሺ፣ ቁልፉ ይቆይ" አለ ግሌን ፊቱ ቀልቶ። "አሥራ ሰባትን ግን ነገ ዘንድሮ ለገባው አዲስ ልጅ ትሰጪዋለሽ። ድምፅ ተሰጥቶበታል።"

"አልሰጥም።"

"ለምን?"

"አልደረቀም።"

ይሄኔ ነው የገባኝ። አውቶቡሱን ከማስነሳቴ በፊት ልጆቹን የምቆጥረው በጀርባቸው ቁጥር ነው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቁጥር እየዘለልኩ ስቆጥር ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ስንቱ ልጅ አሥራ ሰባትን ለምኗት "ገና እርጥብ ነው" ብላ እንደመለሰችው እሷ ናት የምታውቀው።

"መቼ ነው ያጠብሽው?" አለ ግሌን።

"የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት።" ማሊያውን በጥንቃቄ አጣጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው። "እኔ በሕይወት እያለሁ አይደርቅም።"