ምስማር ላይ የተሰቀለው ባጅ

በ2007 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ጽዳት እሠራ ነበር። ከምንወለውለው ኮሪደር መጨረሻ፣ ከወፍራም የኮንክሪት በር ጀርባ፣ ሳይክሎትሮን የሚባል ማሽን አለ። በዚንክ የተለበጠች የመዳብ ሳህን ይገባለታል፤ ለሰዓታት በፕሮቶን ይደበድባታል። ከዚያ ዚንኩ በአሲድ ይሟሟና ጋሊየም የሚባል ጨረር ያለው ንጥረ ነገር ይወጣዋል። በሽተኛው ይወጋዋል፤ ሰውነቱ ውስጥ የተደበቀው ሕመም በካሜራ ይታያል። ሦስት ቀን ገደማ ሲያልፍ ግማሹ ስለሚጠፋ እዚያ ቤት ቀኑን ሙሉ "ያላ! ያላ!" ነው። ይህን ያወቅሁት እየወለወልኩ ስጠይቅ ነው። ለግጥም ይሆነኛል ብዬ ነበር፤ ለ"ፕሮቶን" ግን ቤት የሚመታ ቃል አጣሁለት።

ደረታችን ላይ የምንሰካው ባጅ ተሰጥቶናል። ሰውነታችን ያገኘውን ጨረር ይመዘግባል፤ በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ይነበባል። አራት ዓመት እዚያ የሠራች የወሎ ሴት በገባሁ በሳምንቱ መከረችኝ።

"ወንድሜ፣ ይሄን ነገር አውልቀው። አሳባቂ ነው።"

"ለጤናችን ነው አሉ እኮ።"

"ቁጥሩ ከፍ ሲል ጤናህን የሚጠይቅህ መሰለህ? ያስመጣህ ከፊል ኸላስ፣ በቃህ ይልሃል፤ በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ቦሌ ነህ።"

እሷ የራሷን ቦርሳዋ ውስጥ ነበር የምታኖረው። እኔ እንዳይጠፋብኝ ብዬ መወልወያ በምናስቀምጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ካለች ምስማር ሰቀልኩት። አለቃ ሲመጣ ብቻ እሰካዋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ የጨረር ደህንነት ኃላፊው አስጠራኝ። ሱዳናዊ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ከፊሌ ካላሳደሰው አገሬ መግባቴ ነው።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣" አለኝ፣ "የአንተ ቁጥር ማሽኑን ከሚጠግኑት በለጠ። በሩን ከፍተህ ገብተሃል?"

"አልገባሁም።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው? ከሰማይ ወረደልህ?"

ገብቻለሁ ብል እባረራለሁ። ባጁን አውልቄ ነበር ብልም ጥፋት ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ስለ ምስማሯ ነገርኩት። የሴትዮዋን ነገር አላነሳሁም።

መለኪያውን ይዞ ተከተለኝ። ምስማሯ ጋ ሲያስጠጋው ተንጫጫ። ከግድግዳው ወዲያ ያገለገሉት የመዳብ ሳህኖች ጨረራቸው እስኪቀንስ የሚከማቹበት መጋዘን ነው፤ ጨረሩን የሚከልለው የእርሳስ ብረት ደግሞ ምስማሯ ካለችበት ከፍታ በታች ያበቃል።

"ሦስት ወር ሙሉ የሠራው ምስማሩ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ኮስተር አለ። "ሳቅ ማስረጃ አይሆንም።"

ምስማሯ ላይ ሌላ መለኪያ ሰቅሎ እኔን ለአንድ ሳምንት ከሥራ አገደኝ። ባዲዓ ሰፈር ካለው ክፍላችን አልወጣሁም። ከፊሌ ሁለት ጊዜ ደውሎ ምን እንደሠራሁ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ "ምንም፣ ኢንሻአላህ" አልኩት።

በስምንተኛው ቀን ኃላፊው ጠራኝ። የምስማሯ የሳምንት ቁጥር በሦስት ወር ሳምንታት ሲባዛ ከባጄ ጋር ገጠመ። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝና ወደ ሥራ መለሰኝ። ኢቃማዬም ታደሰ። መዝገቡ ላይ ግን ሰውነቴ ያገኘው ጨረር በሚሞላበት ቦታ "አይታወቅም" ብሎ ሲጽፍ አየሁ።

ወደ ክፍሉ ስገባ ምስማሯ ተነቅላለች። ሴትዮዋ ቆማ ባጇን ደረቷ ላይ ትሰካለች።

"የኔ ወረቀት አራት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነው የሚለው" አለችኝ መወልወያዋን እያነሳች። "ቦርሳዬ ጤነኛ ነው ማለት ነው።"