ሉላ የምትመራው ሐዲድ

ይበልጣል ከደብረ ብርሃን መቀሌ የመጣው ሉላን አግብቶ ነው። ሁለቱም መሐንዲሶች ናቸው። ከተማዋ ከሮማናት አደባባይ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ የትራም መስመር ልትዘረጋ ስትነሳ አንድ ቢሮ ተቀጠሩ። እሱ አዲስ አበባ በባቡር ሥራ ላይ ዓመታት ስላሳለፈ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅነት ከእጁ እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበር። የተሾመችው ግን ሉላ ነች።

«እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ጉንጯን ሳማት። የዚያን ቀን ምሳ ግን አልወረደለትም።

ከዚያ ወዲያ በትንሹም በትልቁም ቅናት ያንገበግበው ጀመር። ሮማናት አብረው ሲያልፉ ባለሱቆቹ «ሉላ ሓፍተይ፣ ከመይ ኣለኺ?» እያሉ ሰላም ሊሏት ይከቧታል። እሱ ትግርኛው ስለሚኮላተፍበት ዳር ቆሞ ፈገግ ይላል። ስልኳ በጠራ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

የባሰው የቁፋሮው ነገር ነው። ይበልጣል መንገዱ በሙሉ ባንዴ ተቆፍሮ ሥራው ከክረምት በፊት እንዲያልቅ አቅዶ ነበር። ለተመድህን የምትባል ጨርቅ ሻጭ ባለሱቆቹን ወክላ መጣችና «መንገዱን ከዘጋችሁብን ደንበኛ በየት ይገባል?» አለች። ሉላም አንዱ ጎን ሲቆፈር ሌላው ክፍት እንዲሆን ወሰነች። «ሥራው ይጓተታል» ቢል የሰማው የለም። የቢሮው ኃላፊ አቶ ወልደጊዮርጊስ እንኳ አመሰገኗት።

አንድ ረቡዕ ሐዲዱን የሚያስመጣው ድርጅት ወኪል ለይበልጣል ደወለ። ሐዲዱ ወደብ ላይ ስለተያዘ ክረምት ሳይወጣ አይደርስም። ለሉላ ሊነግራት ተነሳ። በቢሮዋ መስታወት ሲያያት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ትስቃለች። ተመልሶ ተቀመጠ። «በዓርቡ ስብሰባ ላይ ትስማው» አለ በልቡ።

ማታ ራት ላይ «ቢሮ ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለው፣ «ምንም» አላት።

ዓርብ ሉላ ሁለተኛው ጎን ሰኞ መቆፈር እንደሚጀምር ስትናገር እጁን አወጣ።

«ምን ሊቀበርበት ነው የሚቆፈረው? ሐዲዱ እኮ ክረምት ሳይወጣ አይመጣም!»

ሉላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መቼ ሰማህ?»

«ረቡዕ።»

«ራት ስንበላ ታውቅ ነበር?»

አቶ ወልደጊዮርጊስ አቀረቀሩ። ሉላ እዚያው ስልክ አንስታ የሰኞውን ቁፋሮ አስቆመች።

ሐዲዱ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ። መንገዱ ባንዴ ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ሮማናት ዳር እስከ ዳር ኩሬ በሆነ ነበር። ባለሱቆቹ ይህን የሉላ ብልህነት አደረጉት። ይበልጣል ግን «እሷስ ሐዲዱ እንደሚዘገይ የት አውቃ? ዕድል ነው» እያለ ይብሰለሰላል። እውነቱንም ነው።

ቤት ውስጥ አልተጯጯሁም። አንድ ቀን ልብስ ስታጥፍ፣ «አንተ ብትሾም እኔም እቀና ነበር። ግን አልደብቅህም ነበር» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በዚህም በለጠችው።

በሳምንቱ በመስመሩ ሰሜናዊ ጫፍ ወደሚሠራው የትራም ማደሪያ እንዲያዛውሩት ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። እዚያ ሥራው ሰምሮለታል፤ ችግር ሲገጥመው ሳይውል ሳያድር ለሉላ ይደውላል። የስልኳ መስመር ከተያዘ ግን አሁንም ቆሽቱ ያርራል። ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወራው እያለ ደጋግሞ ይደውላል።